ከቦርዶ እስከ ሊስትራክ፦ በወይን ለቀማ ሰሞን

በዚህ ማስታወሻ የጉዞዬን ቀናት በእኛ፣ የፈረንሳይን ታሪክ ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

መስከረም 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቦርዶ

ከፓሪስ ሞንፓርናስ ጣቢያ የሚነሣው ፈጣን ባቡር ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ በሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ እንዲህ የሆነው አዲሱ የባቡር መሥመር በ2017 ከተከፈተ ወዲህ ነው። ለቲኬቱ 59 ዩሮ ከፈልኩ። ብር በሐምሌ ወር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ አንድ ዩሮ ከ120 ብር በላይ ገብቶ ስለነበር፣ የሚቀርብልኝን ሁሉ ከመቅመሴ በፊት በልቤ ማባዛት በጉዞው ሁሉ የማይለቀኝ አመል ሆነ።

ቦርዶ የተቆረቆረችው ጋሮን ወንዝ እንደ ጨረቃ ግማሽ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው። ውኃው ጭቃማ ነው፤ ዳርቻው ግን ከ18ኛው መቶ ዘመን በተረፉ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቢጫ የኖራ ድንጋይ በለበሱ ሕንፃዎች ተሰልፏል። የከተማዋ ወይን ዝና የተገኘው በጋብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአኪቴን ወራሽ የነበረችው ኤሌኖር በ1152 ኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ የሆነውን ሄንሪን ስታገባ አገሩ ወደ እንግሊዝ ዘውድ ዞረ፤ እስከ 1453 ድረስም የቦርዶ ወይን በመርከብ እየተጫነ ወደ ለንደንና ብሪስቶል ሲጎርፍ ኖረ። ፈረንሳውያን ግዛቱን መልሰው ከያዙት በኋላም ደንበኛው እንግሊዛዊ አልጠፋም።

ይሁን እንጂ እነዚያ ያማሩ ሕንፃዎች በወይን ገንዘብ ብቻ አልተሠሩም። በወንዙ ዳር ስሄድ በ2019 ከቆመ የአንዲት ሴት የነሐስ ሐውልት ፊት ደረስኩ። ሴትዮዋ ሞዴስት ቴስታስ ትባላለች፤ የተወለደችው በምሥራቅ አፍሪካ ሲሆን የመጀመሪያ ስሟ አል ፑዌሲ ነበር። የቦርዶ ነጋዴዎች የነበሩ ሁለት ወንድማማቾች ገዝተዋት ዛሬ ሃይቲ ወደሚባለው ደሴት ወሰዷት፤ በኋላ ነፃ ወጥታ የልጅ ልጇ የሃይቲ ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሰ። ከእኛ ወገን የመጣ መንገደኛ ቦርዶን የሚያይ ከሆነ ከወይኑ በፊት እዚህ ቢቆም ደግ ነው እላለሁ፤ የስኳርና የሰው ንግድ ያመጣው ሀብት ከወይኑ ሀብት ጋር በአንድ ወደብ ሲራገፍ ኖሯልና።

ከሰዓት በኋላ በ2016 የተከፈተውን የወይን ሙዚየም በ22 ዩሮ አየሁት። ሕንፃው በብርጭቆ ውስጥ የሚሽከረከር ወይን እንዲመስል ታስቦ የተሠራ ነው ይላሉ፤ ከላይኛው ፎቅ ላይ ከተማውን እያዩ የሚጠጡት አንድ ብርጭቆ ከመግቢያው ዋጋ ጋር የተካተተ ነው። ስክሪኑና ድምፁ ለልጆች ጥሩ ነው፤ እኔን ግን አሰልችቶኛል። እራት በ21 ዩሮ የዳክዬ ጭን ከድንች ጋር በላሁ፤ ከዚያም ውጪው ጠቁሮ የጠነከረ፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ካንሌ የተባለውን ትንሽ ኬክ ቀመስኩ። በድሮ ጊዜ ወይን የሚያጠሩ ቤቶች የእንቁላሉን ነጭ ብቻ ስለሚፈልጉ አስኳሉን ለመነኮሳይያት ይሰጡ ነበር፤ ኬኩም ከዚያ ተገኘ ይባላል።

መስከረም 14፣ ወደ ማርጎ

ወደ ሰሜን የሚሄደው ትንሽ ባቡር ከተማውን እንደለቀቀ ብላንክፎር የምትባል ጣቢያ ላይ ይቆማል። ጣቢያዋ ምንም የሚታይ ነገር የላትም፤ ለእኛ አገር ሰው ግን የምትነግረው አላት። በ1949 በቦርዶ በወንድማማቾችና እኅትማማቾች የተመሠረተው የካስቴል ኩባንያ መቀመጫው በዚህችው ብላንክፎር ነው፤ በ1998 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራን የገዛውም፣ በዝዋይ ሐይቅ አቅራቢያ ሜርሎ፣ ሲራና ካቤርኔ ሶቪኞን የተባሉትን የወይን ዝርያዎች ተክሎ በ2014 «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የተባሉትን ወይኖች ያወጣውም እርሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየሠርጉ የምናነሣው ብርጭቆ የሙያ ዘሩ ከየት እንደመጣ ያየሁት በዚህ የባቡር መስኮት ነው።

ማርጎ ስደርስ ያካፋ ነበር። ከጣቢያው በእግሬ ወደ ዝነኛው የወይን ቤት ወደ ሻቶ ማርጎ ሄድኩ፤ ለመጎብኘት ሳይሆን ለማየት ብቻ፣ ምክንያቱም በለቀማ ሰሞን እንግዳ አይቀበሉም። በሁለት ረድፍ ረጃጅም ዛፎች መካከል በሚያልፈው መንገድ ጫፍ ላይ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሉዊ ኮምብ የተባለ መሐንዲስ የሠራው ባለ ዓምድ ቤት ይታያል። በ1977 ቤቱን የገዙት አንድሬ ሜንትዜሎፑሎስ ግሪካዊ ነበሩ፤ ያን ጊዜ ወይኑ ዝናው ወርዶ፣ ቤቱም ተጎሳቁሎ ነበር፤ እርሳቸውና ከእርሳቸው በኋላ ልጃቸው መልሰው አነሡት። ዛሬ የዚህ ቤት አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን በጥሩ ዓመት ከ500 ዩሮ በላይ ይሸጣል። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ የተመለከትኩት ጠጠራማ መሬት ግን ከመንገዱ ማዶ ካለው፣ ስሙን ማንም ከማያውቀው ማሳ በዓይን የሚለይ አልነበረም።

የቦርዶ ወይን ቤቶች ደረጃ የወጣው በ1855 ነው። ዳግማዊ ናፖሊዮን ሳይሆን ሦስተኛው ናፖሊዮን በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጅ የቦርዶ ደላሎች ወይኖቹን እንዲመድቡ ተጠየቁ፤ እነርሱም ምላሳቸውን ሳይሆን የሽያጭ መዝገባቸውን ከፍተው፣ ለዘመናት የተከፈለውን ዋጋ አይተው ቀይ ወይኖቹን በአምስት ደረጃ አስቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ከታች ወደ ላይ ከፍ ያለው ሙቶን ሮትሽልድ የተባለው ቤት ብቻ ነው፤ በ1973 የግብርና ሚኒስትር በነበሩት በዣክ ሺራክ ፊርማ አንደኛ ደረጃ ገባ። ወይን እየተለወጠ፣ ማሳ እየተሸጠ፣ ባለቤት እየተቀያየረ ደረጃው ግን ባለበት መቆሙ ለእኔ ከወይኑ ይልቅ የስምን ጉልበት የሚያሳይ ነው።

አመሻሹ ላይ ያረፍኩበት ቤት ልጅ በአሮጌ መኪና መጥቶ ወደ ሊስትራክ ወሰደኝ። ሊስትራክ ከወንዙ ራቅ ብላ ወደ ጫካው የተጠጋች፣ ከባሕር ወለል በላይ 43 ሜትር ብቻ ሆና ሳለ «የሜዶክ ጣሪያ» የምትባል ቀበሌ ናት፤ ሜዶክ ከቦርዶ በስተ ሰሜን ያለው ይህ የወይን አገር ነው። እንጦጦ ሥር ላደገ ሰው ይህ ጣሪያ ፈገግ ያሰኛል።

መስከረም 15፣ ሊስትራክ

ክፍሉ ከቁርስ ጋር 85 ዩሮ ነው። በጠርሙሱ ላይ «ሻቶ» (ቤተ መንግሥት እንደ ማለት ነው) ተብሎ ቢጻፍም ቤቱ ግራጫ የእንጨት መስኮት ያለው፣ አንድ ፎቅ ብቻ የሆነ የድንጋይ ቤት ነው፤ ጓሮው ውስጥ ትራክተር፣ ዶሮዎችና የተደራረቡ የፕላስቲክ ሣጥኖች አሉ። እመቤቲቱ በሰባዎቹ ዕድሜ የሚገኙ፣ ንግግራቸው አጭር፣ እርምጃቸው ፈጣን የሆኑ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ 18 ሄክታሩን የሚያስተዳድሩት ከልጃቸው ጋር ነው።

ዓመቱ ክፉ ነበር። ከክረምቱ ጀምሮ ዝናቡ ስላላባራ ሚልዲው የተባለው የፈንገስ በሽታ ቅጠሉንም ዘለላውንም መትቶታል፤ በአንዳንድ ረድፍ ላይ ግማሹ ፍሬ ደርቆ እንደ ዘቢብ ተንጠልጥሎ አየሁ። በሌሊት ደግሞ ዝናብ ስለዘነበ ጠዋት በቁርስ ገበታ ላይ እናትና ልጅ ይከራከሩ ነበር፦ ሜርሎው ዛሬ ይለቀም ወይስ ሁለት ቀን ፀሐይ ይጠበቅለት? ቢጠበቅ ስኳሩ ይጨምራል፤ ዝናቡ ከቀጠለ ግን ግራጫው ሻጋታ ያለውንም ይወስደዋል። እናትየው አሸነፉ፤ ተለቀመ።

አብዛኛውን የሚለቅመው ረድፉን በሁለት እግሩ መካከል አስገብቶ ግንዱን እየነቀነቀ ፍሬውን የሚያራግፍ ረጅም ማሽን ነው። ዕድሜያቸው የገፋውን ተክሎች ግን በእጅ ይለቅሟቸዋል፤ ለዚያ ሥራ ከሞሮኮ የመጡ ጎልማሶችና ጥቂት ተማሪዎች ነበሩ፤ እኔም መቀስ ተሰጥቶኝ ከመካከላቸው ገባሁ። ሥራው ከሩቅ እንደሚታየው ቀላል አይደለም። ዘለላው የሚንጠለጠለው ከጉልበት በታች ነው፤ ስለዚህ ሙሉ ቀን መጎንበስ ወይም መንበርከክ ያሻል። የበሰበሰውን ፍሬ በመቀሱ ጫፍ እየቆረጡ መጣል ግዴታ ነው። ጭቃው ጫማዬን ስለያዘው አንድ ጊዜ እግሬ ብቻውን ወጣ፤ ጎኔ የነበረው ሞሮኳዊ «ቢስሚላህ» ብሎ ጫማውን መዝዞ ሰጠኝ።

እዚህ ያለው አፈር ጠጠር ብቻ ሳይሆን ሸክላና የኖራ ድንጋይ የተቀላቀለበት ነው፤ ቀዝቃዛና እርጥበት የሚይዝ ስለሆነ ቀድሞ የሚበስለው ሜርሎ ይስማማዋል። ወደ ወንዙ የቀረቡት ሰፈሮች ያላቸው ጠጠር ግን ጋሮን በጥንት ዘመን ከፒሬኔ ተራሮች እየጠረበ ያወረደው ነው፤ ውኃ አይቋጥርም፣ የቀኑን ሙቀት ለሌሊት ያስቀራል፤ ዘግይቶ የሚበስለው ካቤርኔ ሶቪኞንም በዚያ ይከብራል። በ17ኛው መቶ ዘመን ረግረጉን ቦይ ቆፍረው ያደረቁት የሆላንድ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ከዚያ መሬት አብዛኛው ዛሬም የሸምበቆ ቦታ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ልጁ ወደ ወይን ቤቱ አስገባኝ። ፍሬው ከዘለላው አጥንት ተለይቶ፣ ተፈንክቶ፣ ከነልጣጩ ወደ ትልቁ የሲሚንቶ ጋን ይገባል። የቀይ ወይን ቀለሙም፣ ድድን ጠፍሮ የሚይዘው ታኒኑም ያለው በልጣጩ ውስጥ ነው፤ ጭማቂው ብቻውን ቢሆን ነጣ ያለ ነው። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ሲለውጥ በሚወጣው ጋዝ ልጣጩ ሁሉ ወደ ላይ ተገፍቶ ወፍራም ቆብ ይሠራል፤ ያ ቆብ እንዳይደርቅ በየቀኑ ከሥር ጭማቂውን በቱቦ እየሳቡ ከላይ ያፈሱበታል። መብላላቱ በሳምንት ገደማ ቢያልቅም ልጣጩ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ አብሮ ይቆያል፤ ከዚያ ወይኑ ይቀዳና 225 ሊትር ወደሚይዝ የኦክ እንጨት በርሜል ይገባል፤ አንዱ በርሜል 300 ጠርሙስ ይወጣዋል ማለት ነው። በርሜል ውስጥ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀመጥ በየሦስት ወሩ ከአተላው እየተለየ ወደ ሌላ በርሜል ይዘዋወራል። በመጨረሻ በተመታ የእንቁላል ነጭ ይጠራል፤ ለአንድ በርሜል አምስት ወይም ስድስት እንቁላል ይበቃል። ዶሮዎቹ በጓሮ ያሉት ለዚህ እንደሆነ ብጠይቅ ልጁ ሳቀ፤ አሁን የእንቁላል ነጭ የሚገዙት በካርቶን ነው።

አዲስ የኦክ በርሜል ውድ ስለሆነ በዚህ ቤት በየዓመቱ የሚለወጠው ጥቂቱ ነው። ታላላቆቹ ቤቶች ወይናቸውን በሙሉ በአዲስ በርሜል ሊያስቀምጡ ይችላሉ። እኔ በበኩሌ በርሜሉ ያረጀበትን ወይን ወደድኩት፤ እንጨት እንጨት አይልም።

መስከረም 16፣ በብስክሌት ወደ ወንዙ

ዝናቡ ሲያቆምልኝ የቤቱን ብስክሌት ተውሼ ወደ ምሥራቅ ወረድኩ። ሜዳ ስለሆነ ፔዳል መርገጡ አያደክምም፤ የሚያስቸግረው ወይን የጫኑ ትራክተሮች መንገዱን መሙላታቸው ነው። ሴን ዡልየን መግቢያ ላይ አንድ ሰሌዳ ቆሟል፤ አላፊ አግዳሚው ወደ ጥንታዊና ዝነኛ የወይን አገር መግባቱን አስታውቆ «እጅ ንሣ!» ይላል። ይህን ያህል ኩራት ያለው የመንገድ ሰሌዳ ሌላ ቦታ አላየሁም።

በዚሁ አካባቢ ነው የቦርዶው ሰማያዊ መድኃኒት የተገኘው። በ1880ዎቹ የዕፅዋት ፕሮፌሰር የነበረው አሌክሲ ሚላርዴ በዚህ ሲያልፍ ከመንገዱ ዳር ያሉት ተክሎች ቅጠል ከሌሎቹ ተለይቶ ደህና መሆኑን አየ። ነገሩን ሲያጣራ፣ ባለማሳዎቹ መንገደኛ ዘለላ እንዳይሰርቃቸው በማሰብ መርዝ የሚመስል የመዳብ ጨውና ኖራ እየረጩባቸው ኖሯል። በ1885 ይፋ ያደረገው ያ ውሁድ እስከ ዛሬ ሚልዲውን ይከላከላል፤ የሊስትራኮቹም ቅጠሎች ላይ ያየሁት ሰማያዊ ነጠብጣብ እርሱ ነው። ለሌባ የታሰበው ለበሽታ መሆኑ ደስ አሰኘኝ።

ላቱር የተባለውን የወይን ቤት ከሩቅ፣ ክቡን የርግብ ቤቱን አይቼ አለፍኩ። ፖያክ ላይ በወንዙ ዳር ቡናና ዳቦ በ7 ዩሮ አገኘሁ፤ ቡናው ቀጭን ነበር። ከዚያ ወደ ሰሜን ስሄድ ኮስ ዴስቱርኔል የሚባለው ቤት ከወይኑ መካከል የህንድ ቤተ መቅደስ የሚመስሉ ጉልላቶቹን አቁሞ ታየኝ። የመሠረቱት ሉዊ ጋስፓር ዴስቱርኔል ወይናቸውን እስከ ህንድ ይልኩ ስለነበር ነው እንዲህ ያሠሩት፤ ትልቁ ቅርፃ ቅርፅ ያለው የእንጨት በር ግን የመጣው ከዛንዚባር ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ ይህን ያህል ርቆ የመጣ በር እዚህ የወይን መጋዘን ሲጠብቅ ማየት ግርምት ነው።

በመመለሻዬ ላይ የኋላ ጎማዬ በስለታም ጠጠር ተበሳ። የመለጠፊያ ዕቃ አልነበረም። አንድ ባለ ትራክተር ቆሞ ብስክሌቱን ከባዶ ሣጥኖቹ ላይ ጫነልኝና እስከ ፖያክ ጣቢያ አደረሰኝ፤ ገንዘብ ሳቀርብለት ተቆጣ። ከጣቢያው የቤቱ ልጅ መጥቶ ወሰደኝ።

ማታ እመቤቲቱ ባለፈው ክረምት የተገረዘውን የወይን ቅርንጫፍ እስር ጓሮ ውስጥ አነደዱና በፍሙ ላይ ወፍራም የጎድን ሥጋ ጠበሱ፤ በላዩም ደቆ የተከተፈ ሻሎት የተባለ ትንሽ ሽንኩርት ነሰነሱ። የወይን እንጨት ፈጥኖ ይነዳል፣ ፈጥኖም ይከስማል፤ ፍሙ ግን የሚያውድ ነው። በዚያች ምሽት አገር ቤት ደመራ እየተለኮሰ መሆኑን ስነግራቸው «ታዲያ እናንተ በእሳቱ ላይ ምንም አትጠብሱም?» አሉኝ፤ በቆሎ የሚጠብሱ ልጆች አይጠፉም ብዬ መለስኩ።

መስከረም 17፣ የመስቀል ዕለት፣ ሊስትራክ

ዓርብ ስለሆነ ሥጋና ወተት እንደማልበላ አስቀድሜ ነግሬአቸው ነበር። ዝናቡ በጎ ነገርም አምጥቶ ነበር፤ ከቤቱ ጀርባ ካለው የጥድ ጫካ ሴፕ የተባለ ወፍራም እንጉዳይ ለቅመው መጡና በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በፔርሲሜሎ ጠበሱልኝ። በጉዞው ከበላሁት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ከዚያ ከምድር ቤቱ ጠርሙሶች ወጡ። የ2016ቱ ጥቁር እንጆሪና አርዘ ሊባኖስ ይሸታል፤ ገና የሚያጨናንቅ ታኒን አለው፤ ግን ሚዛኑ የተጠበቀ ነው። የ2013ቱ በቀዝቃዛ ዓመት ያልበሰለ ካቤርኔ ስላለበት ልክ እንደ ተቆረጠ ቃሪያ ይሸታል፤ እመቤቲቱ ይህን ሳይደብቁ «የዓመቱ ጥፋት ነው፤ ዓመትን መደበቅ አይቻልም» አሉ። የ2010ሩ ጠርዙ ወደ ሸክላ ቀለም ማድላት ጀምሯል፤ እርጥብ አፈር፣ ትምባሆና የደረቀ በለስ ይሸታል፤ ከዋጡት በኋላ ጣዕሙ ብዙ ይቆያል። ከ2017 ግን የቀረበልኝ ጥቂት ነው፤ በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ የወረደው ውርጭ ቡቃያውን ስለፈጀው የተመረተውም ጥቂት ነበር።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የምትጠቀምበት ወይን ደረቅ ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ የሚጨመቅ እንደሆነ ስነግራቸው ልጁ የሚብላላ መሆን አለመሆኑን፣ ስንት ሰዓት እንደሚዘፈዘፍ፣ ዘቢቡ ጥቁር ይሁን ነጭ ጠየቀኝ፤ የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት፤ እርሱም በእርሳስ ጻፈው።

የ2016ቱን 16 ዩሮ ይሸጡታል። ይህን ዋጋ ከማርጎው ጋር ሳነጻጽር እመቤቲቱ ፊታቸው ጠቆረ። በዚህ አገር ደረጃ ያላቸው ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ ከእነርሱ በታች ያሉት በሺህ የሚቆጠሩ ባለማሳዎች ግን ወይናቸውን ከወጪያቸው በታች የሚሸጡበት ዘመን ላይ ደርሰዋል። ፈረንሳውያን ራሳቸው ቀይ ወይን መጠጣት እየተዉ ነው፤ የቻይናም ገበያ ቀዝቅዟል። መንግሥት ወይኑን ከነሥሩ ነቅሎ ለሚጥል ለአንድ ሄክታር 6,000 ዩሮ ይከፍል ነበር፤ ጎረቤታቸው ግማሽ ማሳውን ነቅለዋል። የተነቀለውን ቦታ ከመስኮቱ አሳዩኝ፤ ግንዶቹ ተከምረው የሚቃጠሉበትን ቀን ይጠብቃሉ። በ19ኛው መቶ ዘመን ፊሎክሴራ የተባለችው የሥር ቅማል የአገሩን ወይን ስትፈጀው ያዳኑት በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ በማዳቀል ነበር። «ያኔ ጠላቱ ነፍሳት ነበር፤ መድኃኒትም ተገኘለት» አሉ እመቤቲቱ፤ «የማይጠጣን ሰው በምን እናዳቅለዋለን?»

መስከረም 18፣ ሴንት ኤሚልዮን

በመጨረሻ ወደ ወንዙ ማዶ፣ ከቦርዶ በባቡር ከግማሽ ሰዓት ብዙም ወደማትርቀው ሴንት ኤሚልዮን ተሻገርኩ። ከተማዋ በኖራ ድንጋይ ኮረብታ ላይ የተደረደረች፣ መንገዷ ዳገታማና አንሸራታች፣ ጎብኚዋ የበዛ ናት፤ ከዝናብ በኋላ በቆዳ ጫማ መውረዷ አያስመክርም።

እዚህ ያመጣኝ ወይኑ ሳይሆን ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ነው። በ8ኛው መቶ ዘመን ከብሪታኝ መጥቶ በዋሻ ከኖረው መናኝ ኤሚልዮን ዋሻ አጠገብ፣ በ12ኛው መቶ ዘመን ገደማ 38 ሜትር ርዝመት ያለው አዳራሽ በገደሉ ውስጥ ቆፈሩ። ላሊበላን ለሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይታየዋል፦ ቤተ ጊዮርጊስ ከአራት ማዕዘን ከአለቱ ተለይቶ የቆመ ሕንፃ ሲሆን፣ ይህኛው ግን ፊቱ ብቻ ወደ ውጭ የወጣ፣ የቀረው ከተራራው ያልተላቀቀ ዋሻ ነው። በላዩ የተገነባው ከባድ የደወል ማማ ምሰሶዎቹን ስለተጫናቸው በብረት ታስረዋል። መግባት የሚቻለው በአስጎብኚ ብቻ ነው፤ ዛሬ ይበልጡን የጎብኚ ቦታ ነው። የግድግዳው ሥዕል ከጥቂቱ በስተቀር ጠፍቷል፤ በአብዮቱ ዘመን ቤቱ ተዘርፎ የባሩድ ጨው መፋቂያ ሆኖ ነበርና።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቼ በ9 ዩሮ የለውዝ ብስኩት ገዛሁና ወደ አንድ ወይን መሸጫ ገባሁ። ሻጩ ሜርሎና ካቤርኔ ፍራንን፣ የዚህን ዳርቻ ወይን፣ በሦስት ብርጭቆ አስቀመሰኝ፤ ለስላሳና ወፈር ያለ፣ ከሜዶኩ ቀድሞ የሚከፈት ወይን ነው፤ ርካሹ 28 ዩሮ ነበር። የሊስትራክን ወይን ይዞ እንደሆነ ስጠይቀው አልተቀየመም፤ የሰዓት መመልከቻውን አይቶ፣ ወደ ቦርዶ የሚመለሰው ባቡር በአሥር ደቂቃ ውስጥ እንደሚነሣ ነገረኝ።